ኩራት በሚሊሜትር

የሞተር ባለቤት ኩሩ ነው። ይህን ለማወቅ ከቡና ቤት ደጅ የተደረደሩትን ሞተሮች ማየት ይበቃል። ታንከሩ ከፋብሪካ የወጣበት ፕላስቲክ ዓመታት አልፈውም አልተነሳለትም፤ ፀሐይ አቃጥሎት፣ አቧራ ገብቶበት፣ ዳር ዳሩ ተሰነጣጥቆ ቀለሙን ከመጠበቅ አልፎ መደበቅ ጀምሯል። ግን ፕላስቲኩ ከተነሳ ሞተሩ «አሮጌ» ሊባል ነውና ማን ይደፍራል? ወንበሩ ላይ ፀጉራም ልብስ ተነጥፏል፤ ከፊት የእንግሊዝ ክለብ አርማ፣ ከኋላ ፈጣሪን የሚያመሰግን ጽሑፍ፣ ከጎን ቀይና ሰማያዊ የሚብለጨለጭ መብራት አለ። ክላክሱማ ለጭነት መኪና የተሠራ ስለሆነ ከሞተሩ ቀድሞ ሰፈር ይገባል። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ታች ያየ ሰው ካቴናውን ዝጎ፣ ጭቃ ጠጥቶ፣ ረግቦ ተንጠልጥሎ ያገኘዋል። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያሉት አባቶች ሞተር አላዩም፤ ቢያዩ ኖሮ ተረቱን የሚጀምሩት ከካቴናው ነበር።

ይህን አይቶ ኩራትን መውቀስ ቀላል ነው። ሰባኪውም፣ ትራፊክ ፖሊሱም፣ የሞተረኛው ሚስትም ይወቅሱታል። እኔ ግን ለኩራት ጥብቅና መቆም እፈልጋለሁ። የሞተረኛው ኩራት ቦታውን ስቷል እንጂ አልበዛም፤ የሳተውም ከታንከሩ እስከ ካቴናው ባለችው ግማሽ ሜትር ነው። ያቺን ግማሽ ሜትር ዝቅ ቢል ለሞተሩም፣ ለባለቤቱም፣ መንገድ ለሚያቋርጠው እግረኛም ከማናቸውም መመሪያና ቅጣት የተሻለ ጠባቂ ይወጣዋል። ሰውን ሞተሩን በአግባቡ እንዲይዝ የሚገፋፉት ሦስት ናቸው፦ ቁጠባ፣ ፍርሃትና ኩራት። ሁለቱ የተከበሩ ናቸው፤ ምክር ይሰጥባቸዋል፣ ስብሰባ ይጠራላቸዋል፣ ፖስተር ይለጠፍላቸዋል። ቁልፍና ካቻቪቴ ይዞ መሬት ላይ የሚንበረከከው ግን ሦስተኛው ነው።

ቁጠባን እንይ። አንድ ሊትር ዘይት በወቅቱ መቀየር ፒስተንና ፋሻ ከማስቀየር እንደሚረክስ የማያውቅ ሞተረኛ የለም። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለውንም በቃሉ ይዞታል። ሆኖም የዘይቱ ብር የሚወጣው ዛሬ ነው፤ የፒስተኑ ብር የሚወጣው ደግሞ «አንድ ቀን» ነው፤ «አንድ ቀን» በአሥራ ሦስቱ ወራት ውስጥ የት እንደሚውል የሚያውቅ የለም። ቁጠባ የነገን ሒሳብ ይዞ ከዛሬ ኪስ ጋር በተሟገተ ቁጥር ይሸነፋል። ፍርሃትም ዕድሜው አጭር ነው። አደጋ ያየ ሰው ያን ቀን ቀስ ይላል፣ ፍሬኑን ይፈትሻል፣ ስለት ይሳላል፤ በሳምንቱ ቁልቁለቱን ሲያገኝ ሁሉንም ይረሳዋል። ደግነቱ ፍርሃት በዓመት አንዴ በሕግ ይታደሳል፤ የቦሎ ሰሞን። ያን ሰሞን ለዓመት ያልታየ ስፖኪዮ ቦታው ላይ ይውላል፣ ፍሬቻው ይበራል፣ ማርሚታው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። በማግስቱ ስፖኪዮው ተፈትቶ ለጎረቤት ይዋሳል፤ ጎረቤቱም ቦሎ አለበትና። ኩራት ግን ቀጠሮ አይጠብቅም። ሞተሩን ባዩት ቁጥር ይነሳል፤ ሞተር ደግሞ ጧትና ማታ የሚታይ ነገር ነው።

ኩራቱ ታች ሲወርድ ምን እንደሚያገኝ እናስብ። በአብዛኞቹ አነስተኛ ሞተሮች የካቴናው ልልነት ከ20 እስከ 30 ሚሊሜትር ነው፤ ይኸውም በታችኛው መሥመር መሐሉን በጣት ሽቅብና ቁልቁል ሲገፉት የሚሄደው ርቀት ነው። የየሞተሩ ትክክለኛ ቁጥር በመመሪያው፣ አንዳንዴም ካቴናው አጠገብ በተለጠፈ ወረቀት ላይ ይገኛል፤ የክለቡ አርማ ካልሸፈነው። ካቴናው ከላላ ጥርሱ ላይ ይዘላል፤ ክፉ ቀን ካገኘውም ወልቆ የኋላውን ጎማ እዚያው ያስረዋል። ከጠበቀ ደግሞ ሰው ተጭኖ የኋላው ሞላ ሲወርድ የሚላላበት ስለሌለው የካምቢዮውንና የጎማውን ኩሽኔታ ይገዘግዛል። ለካቴናው ተብሎ የሚቀባው የተቃጠለ ዘይትም ከኢንጂኑ ጥላሸትና የብረት ብናኝ ይዞ የወጣ ነው፤ አንዱ ቤት በሌብነት ያባረረውን ዘበኛ ሌላው ቤት ወዶ እንደመቅጠር ያለ ነገር ነው። ስለዚህ ካቴና መጠበቅ ማለት ማጽዳት፣ ንጹሕ ቅባት በልክ መቀባት፣ ጎማውን ሲያጠብቁ በግራና በቀኝ ያሉትን ምልክቶች ማስተካከል፣ ከዚያም ለክቶ እጅን መታጠብ ነው። ይህን ሁሉ አድርጎ የጨረሰን ሰው በመንገድ ላይ «ካቴናህ 25 ሚሊሜትር ናት፤ ተባረክ!» የሚለው አይገኝም። አመስጋኝ የሌለው ሥራ ደግሞ በኩራት ካልተሠራ በምን ይሠራል?

ከካቴናው ወዲያ ያለው ጭራሽ አይታይም። በአብዛኞቹ ሞተሮች ኢንጂኑ፣ ካምቢዮውና ፍሪሲዮኑ የሚጠጡት አንድ ዘይት ነው። ሰበቃን ለመቀነስ ተብለው የተቀመሙ አንዳንድ የመኪና ዘይቶች እዚህ ሲገቡ ፍሪሲዮኑን ያንሸራትቱታል፤ ኢንጂኑ ይጮኻል፣ ሞተሩ አይሄድም፣ ባለቤቱም «የሰው ዓይን ነው» ይላል። ጃፓኖች በዚህ ምክንያት ጄኤኤስኦ ኤምኤ የሚባል የሞተር ሳይክል ዘይት ደረጃ አውጥተዋል፤ ዕቃው ላይ ስለሚታተም ዓይን ያለው ያነበዋል። የቫልቩ ክፍተትም በብዙ አነስተኛ ኢንጂኖች ከ0.05 እስከ 0.1 ሚሊሜትር አካባቢ ነው፤ የፀጉር ውፍረት ያህል ማለት ነው፤ የሚለካውም ኢንጂኑ ቀዝቅዞ ሳለ ነው። ክፍተቱ ሲሰፋ ቫልቩ ይንኳኳል፤ ሲጠፋ ደግሞ ዝም ይላል። የዚህን ጊዜ ቫልቩ በደንብ መዝጋት አቅቶት እየተቃጠለ፣ ባለቤቱ «ድምፁ እንዴት ለሰለሰ!» ብሎ ይደሰታል። የጎማ ነፋስም አለ። ብዙ አነስተኛ ሞተሮች ከፊት 25 ፒኤስአይ ገደማ፣ ከኋላ እንደ ጭነቱ ከ28 እስከ 33 ይፈልጋሉ፤ ጎሚስታው ግን በአውራ ጣቱ ተጭኖ «ይበቃዋል» ይላል። አውራ ጣት የተከበረ አካል ነው፤ መለኪያ ግን አልተጻፈበትም።

ጥገና ከተባለ ልክ ማስተካከልም አብሮ ይነሳል፤ በዚህ ረገድ የእኛ አገር መልክዓ ምድር ራሱ ፈታኝ ሆኖ ተቀምጧል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላለች፤ አየሩም ከባሕር ዳርቻ አየር ሩብ ያህል ይሳሳል። ለባሕር ዳርቻ ተስተካክሎ የመጣ ካርቡሬተር ይህን ስለማያውቅ ነዳጁን በቆላ ልክ ያፈሳል፤ የሚገባው አየር ግን የደጋ ነው። ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ ቤንዚን ይበላል፣ ሽሮ ሜዳን ሽቅብ ሲል ያለከልካል። ያንኑ ሞተር ለእንጦጦ አስተካክለው ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ወደሚወርደው ዳሎል ቢያወርዱት ደግሞ ነዳጅ ያንሰዋል፤ ካንዴላው ይነጣል፣ ኢንጂኑም ከመጠን በላይ ይግላል። ነዳጅን በኮምፒውተር የሚመጥኑት አዳዲስ ሞተሮች ይህን ራሳቸው ያስተካክሉታል፤ ካርቡሬተር ያለው ግን የካንዴላውን ቀለም ማንበብ አለበት፤ ደረቅ ቡናማ ከሆነ ሰላም ነው። ከዳሎል እስከ ራስ ደጀን ግርጌ የተዘረጋ አገር ያለው ሕዝብ ካርቡሬተር በማስተካከል ዓለምን ማስተማር ሲገባው፣ «ሞተሩ ዳገት አይወድም» ብሎ እንደ ሰው ጠባይ ያወራለታል። ከካርቡሬተሩ ቀላል የሆኑም አሉ፤ የፍሬንና የፍሪሲዮን እጀታው ክንድና ጣት ቀጥ ብለው በሚደርሱበት አቅጣጫ መታሰር አለበት፤ ስፖኪዮውም የኋላውን መንገድ ማሳየት አለበት። ብዙው ስፖኪዮ የሚያሳየው የባለቤቱን ክርን፣ ከዚያ ቢያልፍ የፀጉሩን አበጣጠር ነው። ይኸውላችሁ ቦታውን የሳተ ኩራት!

ኩራት ሁለት ዓይነት መሆኑን ከእኛ ቀድመው ያዩ አሉ። አሜሪካዊው ሮበርት ፒርሲግ «ዜንና የሞተር ሳይክል ጥገና ጥበብ» የተባለ መጽሐፉን 121 አሳታሚዎች መለሱበት ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1974 ሲታተም ግን በዓለም ዙሪያ ተነበበ። እዚያ ውስጥ ተራኪው ያረጀ ሞተር፣ ጓደኛው ደግሞ ውድ ቢኤምደብሊው ይነዳሉ። የጓደኛው መሪ ሲላላ ተራኪው ከቢራ ጣሳ ቀጭን ቆርቆሮ ቆርጦ ሥር በመክተት ሊያጠብቅለት ይጠይቀዋል፤ ጓደኛው ያኮርፋል። ቆርቆሮው ለሥራው የሚስማማ ነበር፤ ያልተስማማው ለክብሩ ነው። አንደኛው በማወቁ፣ ሁለተኛው በከፈለው ዋጋ ይኮራሉ፤ መሪው የሚላላው ደግሞ የሁለተኛው ነው። በወዲያኛው ጫፍ ኒውዚላንዳዊው በርት መንሮ አለ። እ.ኤ.አ. በ1920 የገዛውን ኢንዲያን ስካውት ዕድሜውን ሙሉ ሲፈታና ሲገጥም፣ ፒስተኑን ሳይቀር በገዛ እጁ አቅልጦ ሲያፈስ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1967 በቦነቪል የጨው ሜዳ ላይ፣ በስድሳዎቹ ማብቂያ ዕድሜው፣ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። የተሰባበሩበትን ፒስተኖችም መደርደሪያ ላይ ሰድሮ ለፍጥነት አምላክ የቀረቡ መሥዋዕቶች ናቸው ብሎ ጽፎባቸዋል። ሌላው ዋንጫ በሚደረድርበት ቦታ እሱ የተቃጠለ ብረት ይደረድር ነበር። እንዲህ ያለ ኩራት ማንንም አይጎዳም፤ ምናልባት የቤትን ጠረን ካልሆነ በቀር።

«እነዚህ ሥራ ፈቶች ናቸው» የሚል ካለ ሥራ የበዛባቸውን እንይ። በ500 ሲሲ የዓለም ሻምፒዮና አራት ጊዜ ሁለተኛ የወጣው አሜሪካዊው ራንዲ ማሞላና እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ባሪ ኮልማን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ማብቂያ አፍሪካ መጥተው ለጤና ሠራተኞች የተሰጡ ሞተሮች በቀላል ጥገና እጦት ቆመው አገኙ። መድኃኒቱ አለ፣ ሐኪሙ አለ፣ የሚያደርሰው ሞተር ግን ሣር በቅሎበታል። ከዚያ የተነሳው «ራይደርስ ፎር ሄልዝ» የተባለ ድርጅት አዲስ ሞተር በማደል ፋንታ የጤና ሠራተኛው ራሱ ሞተሩን በየቀኑ እንዲፈትሽ ማስተማር ያዘ፤ ነዳጅ፣ ቅባት፣ ልክ፣ ቡሎንና ዳዶ፣ ፍሬን። አምስቱም ያለ ጋራዥ የሚሠሩ ናቸው። እኛ አገር የወረዳ ሠራተኞች በስፋት የነዷቸው ያማሃ ኤጂ 100ዎችም የሚያስተምሩን አላቸው። ካቴናቸው ዙሪያውን በሽፋን የተከደነ ነው፤ መሐንዲሱ የሰውን ጠባይ አጥንቶ «ይህንን ለባለቤቱ አልተውም» ያለ ይመስላል። የመንግሥት ሞተር ባለቤቱ «ሁሉም» ነውና፣ የሁሉም የሆነ ነገር ደግሞ የማንም ኩራት አይሆንምና፣ መሐንዲሱ ልክ ነበር። ሞተሩ በአንድ ሰው ስም ተመዝግቦ በየቀኑ በዚያው ሰው እጅ ሲፈተሽ ግን ንብረትነቱ የመንግሥት ሆኖ ኩራቱ የግለሰቡ ይሆናል።

አሁን ተቃዋሚዎቼን ልስማ። የመጀመሪያው «መካኒክ ለምን ተፈጠረ?» ይላል። መካኒክ የተፈጠረው ለሚበላሽ ነገር ነው፤ ላለመበላሸቱ ተጠያቂው ነጂው ነው። ካቴናው ሲያንገጫግጭ፣ ፍሬኑ ከትናንት ዝቅ ሲል፣ አንዲት ቡሎን ስትንቀጠቀጥ መጀመሪያ የሚሰማው እግርና እጁ ሞተሩ ላይ ያለው ሰው ነው። «ድምፅ አለው» ከሚል ባለቤት «ሦስተኛ ማርሽ ላይ፣ ዳገት ሲይዝ፣ ከቀኝ በኩል» የሚል ባለቤት ለመካኒኩ ይሻለዋል። ለባለቤቱም ይበጀዋል፤ ሞተሩን የሚያውቅ ሰው ፊት ያልተቀየረን ዕቃ «ተቀይሯል» ማለት ድፍረት ይጠይቃልና።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል፦ «ይህ ሁሉ ሆዱ ለሞላ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ዕቃ የሚያደርስ ልጅ ጊዜውንና ገንዘቡን ከየት ያመጣል?» የኑሮው ነገር እውነት ነው፤ አልከራከርም። ነገር ግን ከጠቀስኳቸው ነገሮች አብዛኞቹ ገንዘብ የሚጠይቁ አይደሉም። ካቴና ማላላትና ማጥበቅ አንድ ሁለት ቁልፍ፣ ስፖኪዮ ማስተካከል እጅ፣ ቡሎን መዳሰስ ጣት ብቻ ይበቃቸዋል። ገንዘብ የሚጠይቀውስ የቱ ነው? አርማው፣ የሚብለጨለጨው መብራት፣ ፀጉራሙ ልብስ፣ የጭነት መኪናው ክላክስ። እነዚህን የገዛ ሰው ለፍሬን ሸራ አጣሁ ቢል ኪሱ አይመሰክርለትም። በሞተር የሚተዳደር ሰው ደግሞ ሞተሩ በቆመበት ቀን አብሮ የሚቆመው ገቢው ነው። አዲስ አበባም በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ሞተር ያለ ፈቃድ እንዳይንቀሳቀስ ካገደች ወዲህ ሞተረኛ በጥርጣሬ ዓይን መታየቱን ያውቀዋል፤ ማርሚታው የማይጮኽ፣ መብራቱ የሰው ዓይን የማይወጋ፣ ፍሬኑ የሚይዝ ሞተር ስለ ባለቤቱ ከማመልከቻ በላይ ይናገርለታል።

ሦስተኛው «ሆንዳ እኮ ምንም ባታደርገው ይሄዳል» ባዩ ነው። ሱፐር ከብ የተባለችው ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1958 ተወልዳ በ2017 መቶ ሚሊዮንኛዋ ተመርታለች፤ ታጋሽነቷም የታወቀ ነው። ሆኖም እሷም ዘይት ትጠጣለች፤ ካቴናዋም የተሸፈነው ባለቤቷን በማመን አይደለም። ታጋሽን እስከ ጥግ መፈተን የጀግንነት ሥራ ሆኖ አያውቅም። አራተኛው ደግሞ ወደ ፊት ይመለከታል፦ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከልክሏል፣ ሞተሩም ወደ ኤሌክትሪክ እየሄደ ነው፣ እንግዲህ ዘይትና ካንዴላ ታሪክ ናቸው ይለናል። ይሁንለት። ኤሌክትሪኩም ግን በጎማ ይሄዳል፣ በፍሬን ይቆማል፣ በኩሽኔታ ይሽከረከራል፣ በቡሎን ይታሰራል፤ ባትሪውም ራሱን የቻለ እንክብካቤ ይሻል። ድምፅ ስለሌለው ደግሞ ባለቤቱ ለእግረኛው የሚያስብበት ምክንያት ይጨምራል።

አንድ ተቃውሞ ግን እቀበላለሁ፤ ኩራት ሲበዛ እጅ አያርፍም። ከመጠን በላይ የሚያጠብቅ ሰው የአሉሚኒየሙን ጥርስ ገሽልጦ ቡሎኑን ለዘላለም ያላላዋል፤ ካቴናውን አብዝቶ የሚቀባም አቧራ ይሰበስባል። ማርሚታ በስቶ «አስተካከልኩት» የሚል ደግሞ ሰፈር ሙሉ ጠላት ይገዛል። የዚህ በሽታ መድኃኒቱ ግን ያው ኩራቱ ውስጥ አለ፤ በቁጥር የሚኮራ ሰው ቁጥሩ ከሞላ በኋላ የሚሠራው የለውም። አርማ ሁልጊዜ አንድ ሊጨመርበት ይችላል፤ 25 ሚሊሜትር ግን 25 ሚሊሜትር ነው።

ስለዚህ መለወጥ ያለበት የሞተረኛው ጠባይ ሳይሆን የእኛ የተመልካቾቹ ጥያቄ ነው። ሞተር ያየ ሰው ሁሉ «ስንት ይሮጣል?» ብሎ እስከጠየቀ ድረስ ባለቤቱ ለዚያ መልስ ያዘጋጃል፤ «ስንት ተገዛ?» ከተባለም ፕላስቲኩን አያነሳም። ኩራት ተመልካቹን የሚታዘዝ ፍጡር ነውና «ካቴናው ስንት ይላላል? ፍሬኑስ ስንት ሜትር ላይ ይይዛል?» ብለን ብንጠይቀው መልሱን ለማግኘት ይንበረከካል። ጠያቂው መልሱ ትክክል ይሁን አይሁን ባያውቅ እንኳ ግድ የለም፤ ኩሩ ሰው ማንም በማያውቀው ነገር ትክክል ከመሆን የሚበልጥ ደስታ የለውም። ይህ ካልሠራ ደግሞ የቀረን አንድ ዘዴ ነው፤ የክለቡን አርማ ካቴናው ሽፋን ላይ መለጠፍ። ቢያንስ እሱን ለማጽዳት ጎንበስ ማለቱ አይቀርም።